እግር የሰበሰባቸው

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥም የጦር አበጋዝም ታሪክ አይደለም፤ የእግር ታሪክ ነው። እግር ደግሞ ምን ታሪክ አለው? እንዳትሉኝ። ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ የሸዋን ደጋ ተሰናብቶ፣ ጠመዝማዛውን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ የወጣ መንገደኛ እፎይ የሚለው ደጀን ላይ ነው። ዛሬ ያን ገደል አውቶቡስና የጭነት መኪና ይወጡታል። ድሮ የወጣውም የወረደውም እግር ነበር፤ ነጋዴው ከአህያው ኋላ፣ ተሳላሚው በመቋሚያው፣ ዘማቹ በባዶ እግሩ።

ዛሬስ ቢሆን? በገበያ ቀን ከዙሪያው ቀበሌዎች ወደ ደጀን የሚጎርፈው ሰው በምን የሚመጣ ይመስላችኋል? ጤፉን ባህያ ጭኖ፣ ራሱ በእግሩ ነው። ገበሬው ከሞፈሩ ኋላ የሚውለው በእግሩ ነው። ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በእግር ነው። ጎጃም ውስጥ እግሩን የታመመ ሰው እርሻውም፣ ገበያውም፣ ጉርብትናውም አብሮ ይታመምበታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የተሸከመ አካል በሐኪም ዘንድ የነበረው ክብር ከሁሉ ያነሰ ነበር። ዓይን የዓይን ሐኪም አለው፤ ልብ የልብ ሐኪም አለው። እግር ግን ለረጅም ዘመን ባለቤት አልነበረውም። የዛሬው ትረካ እግር እንዴት ባለቤት እንዳገኘ ነው። ቋጠሮውን ከአሁኑ ልፍታላችሁ፤ እግር ባለቤት ያገኘው አንድ ብልህ ሐኪም ስለተነሳለት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው ስለተማከሩለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ ልብ በሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከገበያ ነው። በ1960ዎቹ ኦመን የሚባል ሐኪም አንድ ጥያቄ ያዘው። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው እግሩ እየተነፋ ዝሆኔ የሚሆነው ስንቱ ነው? ቤት ለቤት ዞሮ እንዳይቆጥር አገሩ ሰፊ ነው። ደግሞስ ሕመምተኛውን ቤተሰቡ ይሸሽገዋል። ታዲያ ምን ተደረገ? ገበያ ተወጣ! ገበያ ላይ ማን ይቀራል? ሁሉም ጨው ይገዛል፤ ሁሉም እህል ይሸጣል። ሸማው ራስንና ትከሻን ቢሸፍን እግርን አይሸፍንም። በ56 ገበያዎች እየተቆመ የገበያተኛው እግር ታየ። የታየው ሰው ከ246 ሺህ በላይ ነበር፤ ከመቶው ሦስቱ ገደማ እግራቸው አብጦ ተገኘ። ጥናቱ በ1969 ታተመ። ያን ጊዜ ይህ ቁጥር የነገረን ቢኖር፣ ነገሩ እዚህም እዚያም ያለ የአንዳንድ ሰው መከራ ሳይሆን የአገር በሽታ መሆኑን ነው።

በሽታው ምንድን ነው? በቆላ አገር ዝሆኔን የሚያመጣው ትንኝ የምታስተላልፈው ረቂቅ ትል ነው። ይኼ ግን ደጋ ነው፤ ትሉም በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ተፈልጎ ታጣ። እዚህ ላይ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይገባል። ፕራይስ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም የሠራ ሰው ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለውን፣ በ1965 የተመሠረተውን አለርትን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ግቢ እግር ክብር ነበረው። ሥጋ ደዌ የነካው እግር ስሜቱን ያጣል፤ እሾህ ቢወጋው፣ ፍም ቢያቃጥለው አያውቅም። ስለዚህ አለርት ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ የዛለውን እግር ጅማት አዛውሮ ያቃናል፤ ጫማ ሰፊው ደግሞ ለዚያው እግር የሚስማማ ጫማ ይሰፋል። ቀዶ ሐኪምና ጫማ ሰፊ በአንድ ግቢ! ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፕራይስ የተነፉትን እግሮች ሳይሆን የቆሙበትን መሬት ማየት ጀመረ። በሽታው የሚበዛው የት ነው? ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ዝናብ በበዛበት፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት። ሕመምተኛው ማነው? በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ለበሽታው ከሚጋለጥ ዘር የተወለደ። በእግር ቆዳ የሚገባው ረቂቅ የአፈር ብናኝ ከሰውነት የፈሳሽ መተላለፊያ ገብቶ ያደፈርሰዋል፤ መተላለፊያው ይደፈናል፤ እግር ይነፋል። እንግዲህ የምሥራቅ ጎጃምን ምድር አስቡት። የቾቄ ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ያ ሁሉ እህል የሚያበቅለው ለም አፈር፣ ባዶ እግር ሲያገኝ ጠላት ይሆናል። መድኃኒቱስ? ጫማ! ገና በልጅነት የተጫማ እግር በዚህ በሽታ አይያዝም።

ፕራይስ ይህን ሁሉ ጻፈ፤ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎም ስም አወጣለት፤ መጽሐፉ በ1990 ታተመ። ከዚያስ? ከዚያማ ዝም! ለምን ዝም ሆነ ብትሉ፣ ዕውቀቱ የአንድ ሰው ስለነበረ ነው። የቆዳ ሐኪሙ የቀዶ ሐኪሙ ነው አለ፤ ቀዶ ሐኪሙ የውስጥ ደዌ ነው አለ፤ የውስጥ ደዌው የኅብረተሰብ ጤና ነው አለ። ገበሬው በመካከል እግሩን ይዞ ቀረ።

ዝምታውን መጀመሪያ የሰበረችው ወላይታ ናት። በ1998 ሶዶ ላይ የእግር እብጠት ሕሙማንን የሚያክምና የሚከላከል ማኅበር ቆመ፤ ያቆመው ናታን ባርሎ የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ነበር። ሕሙማኑ እዚያ እግራቸውን መታጠብ ተማሩ፤ ለእግራቸው ልክ ጫማ ተሰፋላቸው፤ ከነሱ ውስጥም የተሻለው ሌላውን ማስተማር ጀመረ። ቀጥሎ ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ። ጌይል ዴቪ የምትባል ሐኪም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆና ይህን በሽታ ያዘች፤ ከእርሷ ጋርም ኢትዮጵያውያን ወጣት ሳይንቲስቶች ተነሱ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ አስገባው። በ2012 ፉትወርክ የሚባል ዓለም አቀፍ ጥምረት ተቋቋመ፤ በአገር ውስጥም ብሔራዊ የፖዶኮኒዮሲስ ጥምረት ቆመ።

በዚያው በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በታላቁ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ምልክት እንዳለ አሳተሙ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ነገሩ ለጎጃም ትልቅ ነው። ስንት ልጃገረድ በዚህ የተነሳ ሳትዳር ቀረች? ስንት ጎረምሳ «የዚያ ዘር ነው» ተብሎ ጋብቻ ተከለከለ? ሳይንሱ የመጣው «ዘር አለበት» ብሎ ነው፤ ነገር ግን አያይዞ ምን አለ? ዘሩ ያለበት ልጅ ጫማ ካደረገ አይታመምም። ዘር የሚያጋልጥ እንጂ የሚፈርድ አይደለም። ይህን አንድ ሐኪም ብቻውን በየመንደሩ ቢለፍፍ ማን ያምነዋል? ብዙዎች ተስማምተው በአንድ ቃል ሲናገሩት ግን አዋጅ ይሆናል።

በ2013 ደግሞ አገሩ ሁሉ ተዳሰሰ። የበሽታው ስርጭት በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ሲሳል፣ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው ከመቶው አራቱ ገደማ ተይዞ ተገኘ፤ ሲሰላም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂ ሰው ማለት ነው። አማራ ክልል በጣም ከተጎዱት አንዱ ሆኖ ወጣ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚባለው ደብረ ማርቆስን መነሻ አድርጎ፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ጋር በጎጃም ሥራ ጀመረ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ በ2018 ላንሴት ከሚባለው የመጽሔቶች ቤተሰብ በአንዱ ላይ ወጣ። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ አንድ ዓመት ተራ ጠበቁና እነሱም አገኙ። ሕክምናው ምን ነበረ መሰላችሁ? መርፌ? ክኒን? የለም!

አንድ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እግራቸው በሳሙና ይታጠባል፤ በየእጥፋቱ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር። ከዚያ በረኪና ጠብ ካለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ጀርም ለመግደል ነው። ወጥቶ ይደርቃል፤ ትኩር ብላችሁ ካያችሁት ያልደረቀ እጥፋት ነው ሁልጊዜ የሚሸተው። ቫዝሊን ይቀባል፤ የተሰነጠቀው ቆዳ እንዲዘጋ፤ አፈርና ጀርም የሚገቡት በስንጥቁ ነውና። ከዚያ ፋሻው ከጣት ተነስቶ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ካልሲ፤ ጫማ። ማታ እግር ከፍ ብሎ ይተኛል። «አባባ፣ ነገም እንዲሁ ነው» ትላለች አስተማሪዋ። «ነገም?» ይላሉ ሽማግሌው። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም አባባ፤ ዕድሜ ልክ»።

በነዚህ ሕመምተኞች ላይ ክፉው ነገር እብጠቱ ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው የሚነሳባቸው ሕመም ነው። ይነሳና ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ የእግር ቃጠሎ ይዞ ለቀናት ከመኝታ ያውላቸዋል። ጥናቱ ይህን ቆጠረ። ተራ ጠባቂዎቹ ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ በታጠቡት ላይ 19.4 ጊዜ ነበር። በመቶ 19 ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ይመስላችኋል? በእርሻ ወቅት አንድ ጊዜ ሳይነሳበት የቀረ ገበሬ ቁጥሩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቀዋል። በሳሙናና በውሃ የተገኘ መሆኑ ደግሞ ይጨመርበት።

አሁን እናንተ ትሉኛላችሁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ የት ሄዱ?» መጡላችሁ።

ቀዶ ሐኪም እንዲህ ያለ እግር ሲያይ እጁ ወደ ቢላዋ መሄዱ አይቀርም። ያበጠውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት፣ ቆዳ መለጠፍ! ተሞክሮ ነበር። ሰውየው ድኖ ወጥቶ በባዶ እግሩ ወደዚያው እርሻ ሲመለስ እብጠቱም ተመለሰ፤ ጠባሳው ተጨማሪ ሆነ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ተማክረው አንድ ነገር ቆረጡ፦ ትልቁ ቀዶ ሕክምና አይመከርም፤ ጫማ ለማድረግ የሚያስቸግሩ እባጮች ሲኖሩ ግን በአካባቢ ማደንዘዣ ይወጣሉ፤ ሰውየውም ጫማ እንዲያደርግ ነው። አያችሁ? ቢላዋው ለጫማው አገልጋይ ሆነ። የዘነበወርቁ ቀዶ ሐኪምና ጫማ ሰፊ እዚህም ተገናኙ። የሐኪሞች ማኅበር ካለው ሥራ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ መቼ መቅደድ እንደሚገባ ከማስተማር እኩል፣ መቼ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ማስተማር።

የእግር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የእግርና ቁርጭምጭሚት ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1942 ተመሠረተ። የአጥንት ሐኪሞቹ ደግሞ በ1969 የራሳቸውን የእግር ማኅበር አቆሙ፤ እዚህ ኦመን የገበያውን እግር ቆጥሮ ባሳተመበት ዓመት ማለት ነው። ማኅበር ምን ይሠራል? ጎጃሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ወሩ ሲደርስ ጽዋው ማን ቤት እንዳለ ያውቃል፤ ያልመጣ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ያጠፋ ይወቀሳል። የሐኪሞቹም እንደዚያ ነው። በዓመት ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የሞከረውን ይናገራል፤ ሌላው «እንዴት ለካኸው? ስንቱ ዳነ? ስንቱ ተበላሸ?» ብሎ ይጠይቃል።

የመለካቱ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1994 ያ የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር ለቁርጭምጭሚትና ለተረከዝ ከመቶ የሚታረም መለኪያ አወጣ። 40ው ለሕመም፣ 50ው ለሥራና ለመራመድ፣ 10ሩ ለእግሩ መቅናት ነበር። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፤ በብዙ ጥናት ላይ ገባ። ነገር ግን ሲመረመር መለኪያው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ማኅበሩ ምን ያድርግ? ይሸሽግ? አልሸሸገም። በ2011 ራሱ ያወጣውን መለኪያ ራሱ አልመክረውም አለ። የማኅበር ክብር እንዲህ ነው የሚለካው።

ለእኛ ግን ሌላም ጥያቄ አለ። ያ መለኪያ ሕመምተኛውን የሚጠይቀው ስንት የከተማ ብሎክ መሄድ እንደሚችል ነው። ደጀን ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይረባል? እዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ዳገት ትወጣለህ? ቁጢጥ ትላለህ? ሞፈር ትይዛለህ? ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ትችላለህ? ገበያ ሄደህ በዕለቱ ትመለሳለህ? ይህን ጥያቄ ከውጭ የሚመጣ ማኅበር አይጠይቅልንም። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች በራሳቸው ማኅበር ተደራጅተዋል፤ የእግርና የቁርጭምጭሚት ነገርም በእነሱ ጥላ ሥር ነው። የደጋውን ገበሬ እግር በራሱ ሚዛን መለካት የእነሱ ዕዳ ነው።

ማኅበር ሁልጊዜ ይነቃል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አንዳንዴ ይተኛል። ስሙኝ።

ሕፃን ቆልማማ እግር ይዞ ይወለዳል። እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ውስጥ እግሩ ሰማይ ወይም ሌላኛውን እግር እያየ። እናቱ ምን በድዬ ነው ትላለች። አንዱ ግርዶሽ ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ድሮ ሐኪሞች ይህን እግር በትልቅ ቀዶ ሕክምና ይከፍቱት ነበር። ልጁ ሲያድግ እግሩ ደርቆ፣ እያመመው ይቸገር ነበር። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሚባል ሐኪም ግን ሌላ መንገድ አገኘ። በስፔን ማዮርካ አጠገብ ባለች ሚኖርካ በምትባል ደሴት በ1914 ተወለደ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ቁስለኛ አክሟል፤ ተሰድዶም አሜሪካ አይዋ ገባ። በ1963 ዘዴውን አሳተመ። ማኅበራቱ ምን አሉ? ምንም! ሠላሳ ዓመት ዝም አሉ። በ1995 ሌሎች ሐኪሞች የድሮ ሕመምተኞቹን አግኝተው መረመሩ፤ ከመቶው 78ቱ እግራቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ነበር። ቆልማማ እግር ሳይኖራቸው ከተወለዱት መካከል እንኳ እንዲህ ያለው ውጤት 85 ነበር! ያኔም ቢሆን ነገሩን ያስፋፉት በዋናነት ወላጆች ናቸው፤ እርስ በርስ እየተነጋገሩ «ልጄን አትቅደዱት፣ በጀሶ አቅኑልኝ» ብለው ሐኪሞቹን አስጨነቁ። ያኔ ማኅበራቱ ነቁ።

ዘዴውን ቀርባችሁ ብታዩት እንዲህ ነው። ሕፃኑ ጡት እየጠባ ይተኛል፤ እንዳያለቅስ። ባለሙያዋ አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ባለው አጥንት ላይ ታሳርፋለች፤ በሌላው እጇ እግሩን ቀስ ብላ ወደ ውጭ ትገፋለች። ጉልበት የለም፤ ትዕግሥት ነው። ከዚያ ጀሶው ከጣት እስከ ጭን ይጠቀለላል። ከሳምንት በኋላ ይፈታል፤ እንደገና ትንሽ ይገፋል፤ ሌላ ጀሶ። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ሲደረግ እግሩ ይቃናል። ለብዙዎቹ በመጨረሻ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ስለት ይቆረጣል፤ ሦስት ሳምንት ጀሶ ሆኖ ይገጥማል። ከዚያ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ አራት ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፍ ሰዓት። ብዙው ልጅ ወደ ኋላ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀንቶ ያየች እናት ጫማውን ታወልቅለታለች፤ እግሩም ይመለሳል።

ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በፊዚዮቴራፒስትና በጀሶ ባለሙያ ይሠራል፤ ስለዚህ ሥልጠና ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል በ2008 ተከፈተ፤ የቆልማማ እግር ሕክምናም ከዚያ ጋር ተስፋፋ። ኋላም የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከኪዩር ጋር ሆኖ አንድ የሥልጠና ትምህርት አዘጋጀ። ከ18 የአፍሪካ አገሮች የመጡ አሠልጣኞች ሠለጠኑ፤ ትምህርቱም በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሩዋንዳ ተሞከረ። በአንድ እጅ የነበረ ዕውቀት በብዙ እጅ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚገፋው አንድ ቦታ ላይ፣ የሚጠቀልለው በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሆን።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት። የዓባይ በረሃ መንገድ መኪና ይገለብጣል፤ በክረምት ገበሬ ከድጥ ይወድቃል። የመጀመሪያው ሐኪም ማነው? ወጌሻ ነው። ወጌሻን ንቆ የትም አይደረስም፤ ሰው ያምነዋል፣ ቅርብ ነው፣ ሌሊት ቢጠሩት ይመጣል። ግን እግር አጥብቆ ሲያስር ደም ይቋረጣል፤ ጣት ይጠቁራል፤ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወጌሾች ለአንድ ቀን ተሰብስበው ሲማሩ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር መቀነሱን አሳየ። አንድ ቀን! ጠላትነት የለም፤ ምሥጢር የለም፤ ተቀምጦ መነጋገር ብቻ ነው።

ትረካዬን ልቋጭ። የእግር ሐኪሞች ማኅበር ማለት የሐኪሞች ድግስ፣ የአዳራሽ ፎቶ፣ የአንገት ማሰሪያ ከመሰለን ተሳስተናል። ማኅበር የሚያስፈልገው ለደጀኑ ገበሬ ነው። እሱ ለአንድ ታላቅ ሐኪም አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም፤ ዕውቀቱ ራሱ ወደ እሱ መምጣት አለበት። ዕውቀት ደግሞ ብቻውን አይጓዝም፤ የሚያጓጉዘው ማኅበር ነው።

ስለዚህ እናንተ ሐኪሞች፣ የሚቀጥለውን ጉባኤ አንዱን ቀን ከዋና ከተማው አውጡት፤ ደብረ ማርቆስ አድርጉት፤ ወጌሻውን፣ ጫማ ሰፊውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ የእግር ሕመምተኛውን ጥሩ። ሕመምተኛውን ደግሞ ከአዳራሹ ኋላ አታስቀምጡት፤ እሱ ነው የሚናገረው።

እናንተም ወላጆች፣ ስሙኝ። ልጃችሁ ቆልማማ እግር ይዞ ከተወለደ ክርስትና እስኪነሳ አትጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የብረት ዘንጉን ጫማ አታውልቁበት። እግር ተሰብሮ ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ፍቱትና ሆስፒታል ድረሱ። ለሚቦርቀው ልጃችሁ የመጀመሪያውን ጫማ ከመጀመሪያው ደብተር እኩል ግዙለት፤ አፈራችን ለም ነው፣ ባዶ እግር ግን አይምርም።